ሳተላይቷ በቀጠሮዋ ሰዓት አልደረሰችም

ባለፈው እትም ስለ ህዋ ፍርስራሽ ስንጽፍ «ሳተላይት መንገዷን ስትቀይር ራዳር ያውቅባታል» ብለን በአንዲት ዓረፍተ ነገር አልፈን ነበር። የዛሬውን ዓምድ ሙሉ የበላችው ያቺው ዓረፍተ ነገር ናት። እንዴት ነው የሚያውቅባት? ማን ነው የሚከታተለው? እኛስ ማየት እንችላለን? የሚሉ መልእክቶች ጎረፉ። የተመሳሰሉትን ጠቅልለን፣ የረዘሙትን አሳጥረን ይኸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከደሴ። ሳተላይቷ ሞተሯን ስታስነሳ ራዳሩ እሳቱን ነው የሚያየው? ወይስ ሳተላይቷ ራሷ «ተንቀሳቅሻለሁ» ብላ ምልክት ትልካለች?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። ራዳር እሳት አያይም፣ ከሳተላይቷ ጋርም አይነጋገርም። ሥራው ሞገድ መላክና ነጥሮ የሚመለሰውን መቀበል ነው። 1,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ካለች ሳተላይት ደርሶ ለመመለስ 7 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላውም፤ ከዚህች ጊዜ ተነስቶ ርቀቷን ያሰላል። የተመለሰው ሞገድ ፍሪኩዌንሲ ምን ያህል እንደተቀየረ አይቶ ደግሞ (ዶፕለርን ክፍል ውስጥ ሳትማረው አትቀርም) በምን ፍጥነት እየቀረበች ወይም እየራቀች እንደሆነ ያውቃል። አንቴናው ወዴት እንደዞረ ሲጨመርበት፣ የት እንዳለችና ወዴት እንደምትሄድ ተገኘ ማለት ነው።

ሞተሩን ያላስነሳ ነገር ምህዋር ላይ ሲዞር መንገዱ በስሌት የታወቀ ነው። ዛሬ በራስህ አናት ላይ ያለፈች ሳተላይት ነገ በስንት ሰዓት፣ በስንት ደቂቃ፣ በስንት ሰከንድ እንደምትመለስ አስቀድሞ ይጻፋል። ሳተላይት የሐበሻ ቀጠሮ አታውቅም። ራዳሩ በተባለው ሰዓት ወደተባለው ቦታ ያነጣጥራል፣ እሷ ግን ሁለት ሦስት ሰከንድ አርፍዳ ብቅ ትላለች፤ ወይም ቀድማ አልፋ ትገኛለች። ያኔ ነው «ይቺ ነገር ሠርታለች» የሚባለው።

በቁጥር እንየው። 550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሳተላይት በሰከንድ 7.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበራለች፣ ምድርን አንዴ ለመዞር 95 ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጅባታል። ሞተሯን ለአጭር ጊዜ አስነስታ ፍጥነቷን በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጨመረች እንበል። የምህዋሯ አማካይ ከፍታ 180 ሜትር ያህል ይጨምራል፣ አንድ ዙር የምትጨርስበት ጊዜም በሩብ ሰከንድ ገደማ ይረዝማል። ሩብ ሰከንድ ምን አላት ትል ይሆናል። ግን በቀን 15 ጊዜ ትዞራለች። ያቺ ሩብ ስትጠራቀም በማግስቱ ከሦስት ሰከንድ በላይ ታረፍዳለች፣ በዚያ ፍጥነት ደግሞ ይህ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ነው። ጥሩ መከታተያ ራዳር ርቀት ሲለካ የሚስተው በአሥር ሜትሮች ቤት ስለሆነ 25 ኪሎ ሜትር አያመልጠውም።

ልብ በል፣ ፍጥነት ጨመረች አልን፣ ግን አረፈደች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ወደፊት ስትገፋ ከፍ ትላለች፣ ከፍ ያለው መንገድ ይረዝማል፣ እዚያ ላይ ደግሞ ሳተላይት የምትሄደው ቀስ ብላ ነው። ወደኋላ ስትገፋ ተቃራኒው ይሆናል፤ ትወርዳለች፣ ቀድማም ትደርሳለች። አንድ ቀን መምህርህን በዚህ ፈትናቸው፣ ከተቆጡ ግን የኔን ስም እንዳታነሳ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ እሱ ስለሆነ። ራዳሩ ሳተላይቷን የሚያያት በሱ ሰማይ ላይ ስታልፍ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሞተሯን ያስነሳችው ማንም በማያያት በደቡብ ፓስፊክ ላይ ሊሆን ይችላል። ሆኖም መቼና የት እንዳስነሳችው ወደኋላ ተሂዶ ይሰላል። ሞተር በዚያች ቅጽበት የሚቀይረው ፍጥነቷን ነው እንጂ ቦታዋን አይደለም። ስለዚህ የድሮ መንገዷና አዲሱ መንገዷ የሆነ ነጥብ ላይ መገናኘት አለባቸው። የድሮውን ምህዋር ወደፊት፣ አዲሱን ወደኋላ በኮምፒውተር ታስኬዳቸዋለህ፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ የሚገጥሙበት ሰዓት ሞተሩ የተነሳበት ሰዓት ነው። እዚያ ነጥብ ላይ ያለው የፍጥነት ልዩነት ደግሞ ወዴትና በምን ያህል ኃይል እንደተገፋች ይነግርሃል። ማንም ሳያይ የተሠራ ሥራ በማግስቱ እንዲህ ይጋለጣል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን፣ ቦን አጠገብ ነው። ወደ ሥራ ስሄድ አንድ ግዙፍ ነጭ ኳስ አያለሁ። ባለቤቴ «የሳተላይት ራዳር ነው» ይላል፣ እኔ የጋዝ ማጠራቀሚያ ነው ብዬ ተከራክሬዋለሁ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትቀየሚኝና ባለቤትሽ ነው ልክ። ቫክትበርግ ያለው ኳስ ከሆነ የፍራውንሆፈር ተቋም ራዳር ነው፣ ቲራ ይሉታል። ነጩ ኳስ አንቴናውን ከነፋስና ከበረዶ የሚከላከል ሽፋን ነው፣ ስፋቱ 47 ሜትር ተኩል ይሆናል። ውስጡ 34 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ አለ፤ ያን የሚያህል ብረት እየዞረ ሳተላይት ይከተላል። 1,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር የምታክል ነገር ይለያል። በአንዱ ሞገድ ቦታና ፍጥነት ይለካል፣ በሌላው አጠር ባለ ሞገድ ደግሞ የሳተላይቷን ምስል ያወጣል። የቻይናው ቲያንጎንግ-1 የህዋ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ሊወድቅ ሲል ዓለም የተቀባበላቸው የራዳር ምስሎች ከዚያ ኳስ ውስጥ የወጡ ናቸው።

ቲራ ግን አንድ በአንድ ነው የሚከታተለው። ሰማዩን በጅምላ ለመጠበቅ ሌላ ዓይነት ራዳር ያስፈልጋል። አሜሪካኖች ማርሻል ደሴቶች ውስጥ፣ ክዋጃሌን ላይ ያቆሙት ስፔስ ፌንስ ከ2020 ጀምሮ ይሠራል። የሚዞር ዲሽ የለውም፤ እጅግ ብዙ ትንንሽ አንቴናዎች ተባብረው ሰማይ ላይ የጨረር አጥር ይዘረጋሉ፣ አጥሩን ያቋረጠ ሁሉ ይመዘገባል። ፈረንሳዮች ግራቭ የሚሉት አላቸው፣ ማሰራጫው ዲዦን አካባቢ፣ መቀበያው ወደ ደቡብ ርቆ አልቢዮን አምባ ላይ። ሊዮላብስ የሚባል የግል ኩባንያም ቴክሳስ፣ ኒውዚላንድና ኮስታሪካ ውስጥ ራዳር ተክሎ መረጃ ይሸጣል። ራዳሩ በየአህጉሩ በበዛ ቁጥር ሳተላይቷ ሳትታይ የምትቆይበት ሰዓት ያጥራል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ። ሳተላይት ሞተር ሳታስነሳም መንገዷ ይዛባል፤ እዚያ ከፍታ ላይም ቢሆን አየር አለ። ሞተር ይሁን አየር በምን ይለያል? ይህን ሳያብራሩ «ራዳር ያውቃል» ማለት ድፍረት አይሆንም?

መልስ፦ ጋሽ መሐንዲስ፣ የነገሩን ቋጠሮ ነው የነኩት። መለካቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ራስ ምታቱ እርስዎ ያሉት ጋ ነው ያለው።

400 ወይም 500 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው አየር እጅግ ስስ ነው፣ ግን አለ፤ ፀሐይ ስትቆጣ ደግሞ ይሞቅና ያብጣል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2022 መጀመሪያ ላይ ስፔስኤክስ 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶች አመጠቀ። ወዲያው ከፀሐይ የተነሳ የመግነጢስ ማዕበል መጣ። መጀመሪያ የተለቀቁት ዝቅ ብሎ፣ 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለነበር አየሩ ያዛቸው፣ አብዛኞቹ ወደ ምድር ወርደው ተቃጠሉ። እንዲህ ባለ ሳምንት የሳተላይቶች መንገድ የሚመዘገብበት ካታሎግ ውስጥ ያለው ዝቅተኛ ሳተላይት ሁሉ ከቀጠሮው ይዛነፋል። አንድም ሞተር ሳይነሳ።

ታዲያ የመጀመሪያው ፍንጭ አቅጣጫው ነው። አየር ጉልበት ይቀማል እንጂ አይሰጥም፤ ሳተላይትን ዝቅ ያደርጋል፣ ዝቅ ያለች ደግሞ ቀድማ ትደርሳለች። ስለዚህ «ካረፈደች ሞተር ነው» ለማለት ያጓጓል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ትንበያውን የሠራው ሰው አየሩን ከሚገባው በላይ ገምቶ ከነበረ፣ ሳተላይቷ የተባለውን ያህል ሳትወርድ ቀርታ ከትንበያው አንፃር ልታረፍድ ትችላለች። ምንም ሳታደርግ! ስለዚህ መታየት ያለበት ከትንበያው ጋር ያላት ልዩነት ብቻ አይደለም። አዲሱ ምህዋሯ ከአሮጌው በእውነት ከፍ ብሏል ወይ? ከፍ ካለ አየር አይደለም፣ አለቀ።

ሁለተኛው፣ ጎረቤቶቿን ማየት ነው። በዚያው ከፍታ ያሉት ሁሉ በአንድ ቀን ቀድመው ከደረሱ ጥፋቱ የአየሩ ነው። እሷ ብቻ ከሆነች ትጠረጠራለች። ሦስተኛው የምህዋሩ ዘንበል ማለት፣ ማለትም ከምድር ወገብ ጋር የሚሠራው አንግል ነው። አየር ያንን አንግል እምብዛም አይነካውም፤ በድንገት ከተቀየረ የሰው እጅ አለበት።

የሚያስቸግሩት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። ስታርሊንክ መጀመሪያ በክሪፕተን፣ በኋላ በአርጎን ጋዝ የሚሠራ ሞተር ነው የሚጠቀመው፤ ግፊቱ በጣም ደካማ ነው፣ ግን ለሰዓታትና ለቀናት ይገፋል። እንዲህ ሲሆን «ከዚህ እስከዚህ የድሮው፣ ከዚህ ወዲያ አዲሱ» የሚባልበት ነጥብ አይኖርም፣ ለተማሪው የነገርኩት የመገናኛ ነጥብ ዘዴም አይሠራም። ብዙ ልኬት ሰብስቦ፣ ሳተላይቷ ላይ የማያቋርጥ ትንሽ ግፊት አለ ብሎ አስቦ፣ ስሌቱ ከልኬቱ ጋር ሲገጥም ማየት ነው ያለው አማራጭ። እርስዎ እንደሚያውቁት ማስጠንቀቂያው የሚጮህበት ወሰን ሲጠብ ለንፋስም ለዝናብም ይጮሃል፣ ሲላላ ደግሞ እውነተኛው ያልፋል። ያንን ወሰን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ሰው ነው። የምርመራውን ግማሽ እኔ የምሰጠው ለሱ ነው፣ ለራዳሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ባለቤቷን ደውሎ «አንቀሳቅሰሃታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይሻልም?

መልስ፦ ይሻል ነበር። አንዳንዱ ሳይጠየቅም ይናገራል፤ ስፔስኤክስ ለምሳሌ የሳተላይቶቹን የሚመጡ ቀናት መንገድ አስቀድሞ ያሳውቃል። ግን መደዋወሉም ሁልጊዜ አይሳካም። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2019 የአውሮፓ የህዋ ድርጅት ሳተላይት የሆነችው ኤዎለስ ከስታርሊንክ 44 ጋር እንዳትጋጭ 350 ሜትር ከፍ ማለት ነበረባት። የግጭቱ ዕድል ከፍ ማለቱን የሚገልጸውን መልእክት የስፔስኤክስ ተረኛ ሠራተኛ አላየውም ነበር፤ ኩባንያው በጥሪ ሥርዓቱ ላይ ብልሽት ነበር ብሏል። በስንት ቢሊዮን ዶላር የተገነባ ነገር እንዲህ በመልእክት አለመድረስ ሲታመስ አስቡት።

የማይናገሩም አሉ። የሩሲያው ኮስሞስ 2542 እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ከፕሌሴትስክ መጠቀ፣ በጥር 2020 ምህዋሩን አስተካክሎ ዩኤስኤ 245 የምትባለዋን የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት መከታተል ያዘ። መጀመሪያ በአደባባይ ያወሩት ሰማይ መከታተል የሚወዱ አማተሮች ናቸው፤ የአሜሪካ ጦር አዛዦች ያረጋገጡት በኋላ ነው። አሜሪካም ብትሆን የራሷን የስለላ ሳተላይቶች ምህዋር ለሕዝብ ካታሎግ አትሰጥም፣ ስለዚህ ጣት መቀሳሰሩን ብዙም አትስሙት።

ሳይታወቅ የቀረ እንቅስቃሴ የሚያመጣው ጣጣ ከስለላ ይሰፋል። ከቀጠሮዋ የራቀች ሳተላይት ራዳሩ ላይ «ማንነቱ ያልታወቀ ነገር» ሆና ትመዘገባለች፣ በካታሎጉ ደግሞ የድሮዋ «ጠፋች» ትባላለች። አንዷ ሁለት ሆነች ማለት ነው። እሷን ፈልጎ እስኪያዛምዷት ድረስ የግጭት ማስጠንቀቂያው በሌለችበት ቦታ ነው የሚሰላው። ግጭት ምን እንደሚመስል እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 2009 ታይቷል፤ የአሜሪካው የመገናኛ ሳተላይት ኢሪዲየም 33 እና አገልግሎት ያቆመው የሩሲያ ሳተላይት ኮስሞስ 2251 ሳይቤሪያ ላይ፣ 789 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ተጋጭተው በሺዎች የሚቆጠር ፍርስራሽ በትነዋል።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ «የስለላ ሳተላይት መንገዷን ቀይራ እኛ ሀገር ላይ ቆመች» የሚል አይቼ ደነገጥኩ። ይቻላል?

መልስ፦ አይዞሽ። ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ያለች ሳተላይት የትም አትቆምም፤ ከቆመች ትወድቃለች። መንገዷን በአግድሞሽ መቀየርም ውድ ነው፣ የምህዋሯን ዘንበል በአንድ ዲግሪ ብቻ ለማዞር በሰከንድ 130 ሜትር ያህል የፍጥነት ለውጥ ይጠይቃል። ከላይ ያየናት 10 ሴንቲ ሜትር አጠገብ አስቀምጪው። ነዳጅ ያለው ሰው እንዲህ አያባክንም።

ጥያቄ፦ ቤቴ ያለው ዲሽ የሚቀበላት ሳተላይትስ? እሷንም ራዳር ይጠብቃታል?

መልስ፦ የኢትዮሳት ቻናሎች የሚመጡበት ኤንኤስኤስ-12 ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ለራዳር ይህ ጭንቅ ነው። የሚመለሰው ሞገድ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በ16 እጥፍ ይደክማል፤ ከ1,000 ወደ 36 ሺህ ስትሄዱ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል እጥፍ በላይ ደከመ ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ ዋናው ጠባቂ ቴሌስኮፕ ነው። ቴሌስኮፕ ደግሞ ጨለማና የጠራ ሰማይ ይፈልጋል፣ ይህን የሚያውቅ ይጠቀምበታል። የቻይናው ሺጂያን-21 እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የሞተ የቤይዱ (የቻይና አቅጣጫ ጠቋሚ) ሳተላይት ይዞ ከመስመሩ ሲያወጣው ትልቁን እንቅስቃሴ ያደረገው አካባቢው ያሉ ቴሌስኮፖች በማያዩበት የቀን ሰዓት ነበር። ዲሽዎ ግን አያሳስብዎ፤ የቴሌቪዥን ሳተላይቶች በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየተገፉ ነው ቦታቸውን የሚጠብቁት፣ ስዕሉ ከጠፋ መጀመሪያ ጣሪያውን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ራዳር የለኝም፣ ላፕቶፕ አለኝ። ከባህር ዳር ሆኜ የሳተላይት እንቅስቃሴ መለየት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፣ ገንዘብም አትከፍልም። የአሜሪካ ጦር ራዳሮች ከሚለኩት ውስጥ የሚወጣው የሕዝብ ካታሎግ ስፔስ-ትራክ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ነፃ አካውንት ከፍተህ፣ ወይም ሴለስትራክ ላይ አካውንት ሳትከፍት ይገኛል። እያንዳንዷ ሳተላይት ሁለት መስመር ቁጥር አላት። ሁለተኛው መስመር ላይ ከ53ኛው እስከ 63ኛው ቦታ ያለው ቁጥር በቀን ስንት ጊዜ እንደምትዞር ነው። ያቺን ቁጥር ብቻ ያዝ።

በዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ጀምር፣ ስለማያሳፍርህ። ቁጥሩ 15.5 አካባቢ ነው። ጣቢያው በአየር ምክንያት በወር ወደ 2 ኪሎ ሜትር ስለሚወርድ ቁጥሩ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከፍ ይላል። ከዚያ አንድ ቀን በድንገት ዝቅ ይላል። በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ከተገፋ ለምሳሌ 15.500 የነበረው 15.494 ይሆናል። ጣቢያውን ወደ ላይ ገፍተውታል ማለት ነው። የወራቱን በኤክሴል ስትስለው እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆንልሃል፤ ጥርሶቹን ይፋ ከተደረጉ ቀናት ጋር አመሳክር።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርህ። ከእንቅስቃሴ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው ቁጥር ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው፤ ከመገፋቷ በፊት የተለኩትና በኋላ የተለኩት አንድ ላይ ገብተው ነው የተሰላው። እሱን ብቻ ይዞ «ተገኘች!» ብሎ የሚለጥፍ ሞልቷል። ሁለት ሦስት ቀን ጠብቅ፣ ቁጥሩ አዲሱ ቦታ ላይ ሲረጋ ተናገር። እነዚህ መስመሮች በጥሩው ቀን እንኳ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይስታሉና ትንንሾቹን እንቅስቃሴ በእነሱ አትፈልግ፣ እነሱን የሚይዘው ጥሬው የራዳር ልኬት ነው።

ከለመድከው በኋላ የኛዋን፣ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 (ETRSS-1) በስሟ ፈልጋት። ታህሳስ 10 ቀን 2012 ከቻይና ታይዩዋን የተነሳች ናት፣ ካታሎጉ ውስጥ የድሮው መዝገቧ ሁሉ አለ። መስመሯ ቀስ እያለ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ከሆነ አየሩ ነው፤ የመጋዝ ጥርስ ካገኘህበት ግራፉን ከነቀኑ ላክልን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።